የአውሮፕላኑ ምልክት

ሥራዬ ጠላቂነት ነበር ስል የሰፈሬ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ዊልቸሩን ያይና ሳቁን ይውጠዋል። ባሕር በሌለበት አገር፣ ያውም ኮልፌ ቀራንዮ፣ ያውም ቤቴል ጀርባ፣ ጠላቂ ከየት መጣ? «ዋናተኛ ነበርክ ማለት ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ዋናተኛ ውሃው ላይ ነው፤ እኔ የምሠራው ከሥሩ ነበር። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እግዜር ይወቀው። አሁን አሁን ሲሰለቸኝ «አዎ፣ ዋናተኛ ነበርኩ» ብዬ እገላገላለሁ። ደግሞም የሚጠይቀኝ ሰው ሥራዬን ማወቅ ፈልጎ አይደለም፤ እግሮቼ ምን እንደሆኑ መስማት ፈልጎ ነው። እሺ፣ የምነግራችሁም እሱኑ ነው። በሁለት እግሬ ቆላ ወርጄ በሰው ትከሻ ቤቴ ስለገባሁበት ቀን።

ግድብ ባለበት ሁሉ ጠላቂ ያስፈልጋል። ውሃው ወደ ማመንጫው በሚገባበት አፍ ላይ ትልቅ የብረት ወንፊት አለ፤ ጎርፍ የነቀለው ግንድ፣ የሞተ ከብት፣ የፕላስቲክ ክምር፣ ሁሉም መጥቶ እዚያ ላይ ይለጠፋል። አንድ ሰው ወርዶ ማንሳት አለበት። የሚወርዱት እኔና ባልደረባዬ ነበርን። እሱ በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል፤ አየር ጤና፣ ጋራዦቹ ጀርባ ነው ያደገው። ወጣት ሳለ ዐረብ አገር ሄዶ ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ ሲፍቅ ኖረ፤ መጥለቅንም የተማረው እዚያ ነው። ሲመለስ ደግሞ እኔን አስተማረኝ። ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም፤ መጽሐፍም አልነበረኝም። እሱ የነገረኝን አውቃለሁ፣ እሱ ያልነገረኝን አላውቅም። በቃ፣ ትምህርቴ ይኸው ነው።

ሰው የጠላቂ ትልቁ ፍርሃት መስጠም ይመስለዋል። አይደለም፤ መውጣት ነው። ታች ሆነህ ስትተነፍስ የውሃው ክብደት አየሩን ወደ ደምህ፣ ወደ ሥጋህ እየገፋ ያስገባዋል። ቀስ እያልክ፣ እየቆምክ ከወጣህ እሱም ቀስ እያለ ይወጣልሃል። ከተጣደፍክ ግን ክዳኑ ድንገት እንደተከፈተ አምቦ ውሃ ውስጥህ አረፋ ይሆናል። አረፋው ትከሻ ላይ ቢያርፍ ሕመም ነው። አከርካሪ ላይ ካረፈ ግን እግር ይወስዳል። የቱ ጋ ምን ያህል መቆም እንዳለብህ የምትነግርህ እጅ ላይ የምትታሰር ትንሽ የመጥለቂያ ኮምፒውተር ናት። እኛ «ሰዓቷ» ነው የምንላት። ጥልቀቱን ትለካለች፣ የቆየህበትን ትቆጥራለች፣ «እዚህ ቁም፣ አሁን ውጣ» ትልሃለች። አንተ አታስብም፣ እሷ ናት የምታስበው።

ታዲያ እሷ ስትሞትስ? ባልደረባዬ አንድ ሰዓት ብቻ አስሮ የሚጠልቅ ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላል። «ስኮርታ፣ መለዋወጫ ጎማ ሳይጭን ጅማ መንገድ የሚወጣ ሹፌር አይተህ ታውቃለህ?» ይለኝ ነበር። የጋራዥ ሰፈር ልጅ አይደል፣ ሁሉ ነገር የሚገባው በመኪና ነው። በዚሁ ሁለተኛዋ ሰዓቴ «ስኮርታዋ» ተብላ ቀረች። ዋናዋን ግራ እጄ ላይ አስራለሁ፣ ስኮርታዋን የጃኬቴ ኪስ ውስጥ እከታለሁ። መጀመሪያ ሰሞንማ ስኮርታዋን መኪና ውስጥ ነበር የምተዋት፤ ዋናዋ ስትበላሽ አወጣታለሁ ብዬ። አንድ ቀን ይህን አየና ጮኸብኝ። «የጎማ ስኮርታ ከኋላ ተኝታ ትጠብቅሃለች። ይቺ ግን አብራህ ካልወረደች ያሳለፍከውን አታውቅም። ያላየችውን ምን ብላ ትንገርህ?» እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አብረውኝ ይወርዳሉ።

ዋናዋ ያገለገለች ናት፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ የገዛናት። ባትሪዋን አየር ጤና መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰዓት ሠሪ ይቀይርልኛል፤ ውሃ እንዳይገባባት የሚከለክለውን ቀጭን የጎማ ቀለበት ግን ማንንም አላስነካም፣ ራሴ ነኝ ቅባት ቀብቼ የምገጥመው። በዚያ ቀለበት ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትቀር አለቀላት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ይህን ሁሉ አደርጋለሁ። ግን ዕቃ ዕቃ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ይበላሻል።

ቀኑ የደረሰው ከወልቂጤ ቁልቁል በሚወረድበት ቆላ፣ አንድ ግድብ ላይ ነው። ሰንብተን ነበር፤ በየቀኑ እየወረድን ወንፊቱን ስናጸዳ ከርመን አንድ ግንድ ብቻ ቀረ። እሱ ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ነው የተሰካው፤ ያን ያህል ጠልቄ ሠርቼ አላውቅም። ታች ውሃው ጭቃ ነው፤ መብራቱን ብታበራም ማኪያቶ ውስጥ እንደገባህ ነው፣ እጅህ ራሱ አይታይህም። ግንዱን በዳበሳ በሰንሰለት አሰርኩት፤ ገመዱን ጎተትኩ፤ ላይ ያለው ባልደረባዬ አጠበቀው። ልወጣ ስል ሰዓቷን ዓይኔ ጋ አስጠጋኋት። ጥቁር ናት። ተጫንኳት፣ ጥቁር። በጣቴ መታኋት፣ ጥቁር።

ፈራሁ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ላይና ታቹ አይለይም፤ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ አየሬም እንደ ልብ የሚያስቆየኝ አይደለም። ትንፋሼ ሲፈጥን ይሰማኛል፣ ሲፈጥን ደግሞ አየሩ ይበልጥ ያልቃል። ኪሴን ዳበስኩ። ስኮርታዋ አለች። አወጣኋትና መነጽሬ ላይ ለጠፍኳት፤ ቁጥሮቿ ቁልጭ ብለው ታዩኝ። ሁሉንም አብራኝ አይታለች፣ ሁሉንም ቆጥራለች። ከዚያ በኋላ ቁም ስትለኝ ቆምኩ፣ ውጣ ስትለኝ ወጣሁ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ እንኳ ካለችኝ ሳላጎድል ገመዱን ይዤ ተንጠለጠልኩ። ጸሐይ ሳይ እንደገና የተወለድኩ መሰለኝ።

ባልደረባዬ የሞተችውን ሰዓት ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ፤ ስኮርታዋን ሲያይ ደግሞ ጭፈራ ጀመረ። «ማን ነበር ስኮርታ ያለህ? በል እስቲ ንገረኝ፣ ማን ነበር?» እያለ አንገቴን አንቆ ሳመኝ። ግንዱ ወጥቷል፣ ሥራው አልቋል፣ እኔ አለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ዕቃ ስንጭን ስኮርታዋን ለማድረቅ ብዬ ሳገላብጣት ምልክቷን አየሁት። ትንሽ የአውሮፕላን ሥዕል ናት፤ አጠገቧ ደግሞ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ከዚህ በፊትም አይተናት እናውቃለን። ከጠለቅህ በኋላ ትመጣለች፣ ቆይታ ትጠፋለች። «ዛሬስ አውሮፕላኗ ብዙ ሰዓት ይዛለች» አልኩት።

«ተዋት፣ እንዳትበር ነው» አለኝ የአየር ሲሊንደሩን እየተሸከመ። «ዐረብ አገር እያለሁ፣ ለእረፍት ወደ አገራችን ልንበር ስንል ከአንድ ቀን በፊት ውሃ መግባት ይከለክሉን ነበር። የአውሮፕላን ነው።»

ሹፌራችን ጨዋታ ወዳድ ነው። «ታዲያ አውሮፕላናችሁን የት አቁማችሁት ነው? ለጥበቃው ልንገርላችሁ?» አለ።

«ፒክአፗ ትበራለች እንዴ?» አለው ባልደረባዬ። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም ይበልጥ ሳቅሁ፤ ከሞት የተረፈ ሰው ሳቅ ቶሎ ይመጣለታል።

ለምን እዚያው አላደራችሁም ትሉ ይሆናል። ቆላ ማደር ማን ይወዳል? ሙቀቱ አለ፣ ትንኙ አለ፣ ወባው አለ። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ቆላ ለሥራ እንወርዳለን እንጂ ሥራችን ካለቀ በኋላ አንዲት ሌሊት አንጨምርለትም። እናቶቻችን ያሳደጉን እንዲህ እያሉ ነው፤ ቆላ ያሳምማል፣ ወደ ላይ ወደ ቀዝቃዛው ስትወጣ ትድናለህ። ስለዚህ ጥላው ሳይረዝም ተነሳን።

መንገዱ ይወጣል። ከዚያ በረሃ እስከ ወልቂጤ ዳገት ነው፤ ከዚያ በኋላም ሳታውቀው ቀስ እያለ ይወጣል። ከግድቡ ሱቅ የገዛነውን አንድ ከረጢት ቺፕስ ሹፌሩ ከፊት መስታወቱ ሥር ጥሎታል። ወልቂጤን ስናልፍ ከረጢቱ ተነፍቶ ልፈንዳ ይላል። «ይሄ ቺፕስ አርግዟል እንዴ?» አለ ሹፌሩ። የምስቅበት አቅም አልነበረኝም፤ ትከሻዬን መውጋት ጀምሮኛል፣ ሆዴ አካባቢ ቆዳዬ ያሳክከኛል። ግንድ ሲጎትት የዋለ ሰው ትከሻ ቢወጋው ምን ይደንቃል ብዬ ዝም አልኩ።

ወሊሶ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። እግሬ መሬቱን አላገኘውም። አረፈ፣ ግን ማረፉ አልተሰማኝም፤ ወፍራም ካልሲ ደራርቤ የቆምኩ ይመስላል። ጉልበቴ ውስጥ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ሽንት ቤት ገብቼ ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ አልመጣ አለኝ። ስመለስ ባልደረባዬ አካሄዴን አየ። «ምን ሆነሃል?» ሲል ድምጹ ተለወጠ። ነገርኩት። ፊቱን አይቼ እንደገባው አወቅሁ፤ ሁለታችንም የአረፋውን ነገር እናውቃለን። «ግን እኮ በደንብ ነው የወጣኸው። ስኮርታዋ ያለችህን ሁሉ አድርገሃል» አለኝ፤ እየተማጸነኝ ይመስል ነበር።

እዚያ ቆመን ተማከርን። ሹፌሩ ብርድ ነው አለ። ባልደረባዬ «አዲስ አበባ ይሻላል፤ ሐኪም አለ፣ ሰው አለ፣ ቤቱ አለ» አለ። እኔም ቤቴን ፈለግሁ። የታመመ ሰው ቤቱን ነው የሚፈልገው። ደግፈው አስገቡኝ፣ መስታወቱን ዘጉት፣ ጋቢ ደረቡብኝ። ባልደረባዬ ከኋላ እግሮቼን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሻቸዋል፤ «ቶሎ ንዳ፣ በናትህ ቶሎ ንዳ» ይላል። ሹፌሩም ነዳ። ቱሉ ቦሎን ስናልፍ የሚያሸው ይሰማኝ ነበር። ሰበታ ስንደርስ ዓይኔን ከፍቼ እጆቹ እግሬ ላይ ሲሠሩ አየሁ፤ የሌላ ሰው እግር የሚያሽ ይመስል ነበር። አውራ ጣቴን ላንቀሳቅስ ሞከርኩ። ጣቴ ዝም አለ።

አየር ጤና መንገዱ እንደወትሮው ተዘጋግቷል። ወያላዎቹ ቤቴል ቤቴል ይላሉ፣ ባልደረባዬ በመስኮት ብቅ ብሎ አሳልፉን እያለ ይለምናል። ቤት ስንደርስ ጎረቤት ተጠርቶ ተሸክመው አስገቡኝ። እናቴ እግሮቼን ነክታ «ቀዝቅዘዋል» አለች፤ ሙቅ ውሃ አቀረበች፣ ቅባት ቀባችኝ፣ እላዬ ላይ ጸለየች። ሰፈር ያለችው ክሊኒክ ጉሉኮስ ሰክታ ለነገ ትልቅ ሆስፒታል አለችን።

በማግስቱ ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ጠላቂ አክማ እንደማታውቅ ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ ስለዚህ ጠየቀችኝ፣ አንድም ነገር ሳታልፍ። ስኮርታዋንም ማየት ፈለገች። አውሮፕላኗ አሁንም አልጠፋችም ነበር።

«ይሄ ምንድነው?» አለችኝ።

«ከጠለቅህ በኋላ አውሮፕላን አትሳፈር ማለት ነው» አልኳት።

«ለምን?»

«አውሮፕላን ከፍ ስለሚል። ከፍ ስትል አየሩ ይሳሳል፣ ሰውነት ውስጥ የቀረው ደግሞ . . .»

አልጨረስኩትም። ከአፌ የወጣውን ቃል ጆሮዬ ሰማው። ባልደረባዬ በሩ ጋ ቆሟል፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሟ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «የነበራችሁበት ቦታ ከዚህ በጣም ዝቅ ይላል?» አለች።

ለማሽኗ አውሮፕላንና ፒክአፕ አንድ ናቸው። እሷ የምታውቀው ከፍታን ነው፤ ሰሪዎቿ ከፍታን ሲስሉ አውሮፕላን ሳሉ እንጂ የወልቂጤን ዳገት አልሳሉም። ዐረብ አገር እሱ የኖረበት ወደብ ሜዳ ነው፤ እዚያ ሰው ከፍ የሚለው ሲበር ብቻ ነው። ባልደረባዬ የተማረው እዚያ ነው፤ እኔ ደግሞ ከእሱ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲሁ ወጥተን እንዲሁ ተመልሰን ምንም አልሆንንም፤ ያን ያህል ስላልጠለቅን ነው። ለሰዓቷ ስኮርታ ነበራት። ለመብራቱ ነበረው፣ ለመተንፈሻው ነበረው። ለእሱ ዕውቀት ግን ስኮርታ አልነበረንም፤ የእኔ ጭንቅላት የእሱ ቅጂ ነው፣ እሱ ያላየውን እኔም አላይም። እዚያው ግድቡ አጠገብ አንድ ሌሊት ተኝተን ቢሆን፣ ትንኙ ቢበላን፣ ምናልባት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሐኪሟ አንብባና ጠይቃ ስትመለስ የነገረችኝ ይህንን ነው። ሕክምናው ሰውን አስገብቶ እንደገና ጥልቅ ውሃ ውስጥ እንዳለ አድርጎ የሚጫን የብረት ክፍል ነው አለች። እኛ ልንደርስበት የምንችል አላገኘችም፤ ያገኘችው ውጭ አገር ነው።

«በምን ነው የሚኬደው?» አልኳት። በአውሮፕላን ነዋ። ዝቅ ብሎ የሚበር ለዚህ የሚዘጋጅ አለ አሉ፤ እሱ እንደ እኛ ላለው አይደለም። እንደዚያ ቀን በሕይወት ተናድጄ አላውቅም።

ቆይቶ ግራ እግሬ ትንሽ ነቃ፤ አሁን በዱላና በሰው ከአልጋ እስከ በር እደርሳለሁ። ቀኙ እዚያው ቀረ። ሽንቴ በቱቦ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ሌላ ጠላቂ ካለ ምልክቷን ሲያይ እንዳይስቅ ነው። ሁለት ሰዓት ያዙ፣ ሦስትም ያዙ። ግን የምታሳያችሁን ምን ማለት ነው ብላችሁ ከሁለት ሰው ጠይቁ፤ አንዱ ከሌላው ያልተማረ ይሁን።

ባልደረባዬ እሁድ እሁድ ይመጣል። በአፌ አልሰደብኩትም፤ በሆዴ ግን ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ። አንዳንድ እሁድ ገና ድምጹን በር ላይ ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ እናፍቀዋለሁ፤ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እኔም አላውቅም። እሱ አሁንም ይጠልቃል፤ ሌላ የሚበላበት ሥራ የለውም። ሥራው ሲያልቅ ቆላው ውስጥ ሁለት ሌሊት ያድራል አሉ፣ ሹፌሩ ቢቆጣም። ወባ አንዴ ይዞት ነበር። እኔ ጋ ሲመጣ ስለ ሥራ አያወራም። ብርቱካን ይልጥልኛል፣ ጢሜን ይላጨኛል፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል።

እናቴ ስለ ከፍታና ስለ አረፋ የምታውቀው የለም። ሐኪሟ ለእኔ እንጂ ለእሷ አልነገረቻትም፤ እኔም አልነገርኳት፤ እሱም። ለእሷ ልጇ ሥራ ላይ እያለ ድንገት ታመመ፣ በዚያ ክፉ በረሃ ሊቀር ነበር፣ አልቀረም። ያለፈው እሁድ ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ መጡና እሱ እግሬ ሥር ተቀምጦ ጥፍሬን ሲቆርጥልኝ አገኙት። እናቴ ለማያውቁት አስተዋወቀችው። «ይሄ ነው እንግዲህ ልጄን ያተረፈልኝ» አለች። «ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው በረሃ ጥሎት ይተኛ ነበር። እሱ ግን አላደረም። ሹፌሩን ሲያስነዳ፣ እግሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያሽ፣ አንዲት ቦታ ሳይቆም ቤቱ ድረስ አመጣልኝ።» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ ጎንበስ አለችና ግንባሩን ሳመችው። «ልጄን በዚያው ቀን ቤቱ ያስገባህልኝ፣ እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ።»

መቁረጫው እጁ ውስጥ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

«አሜን፣ እማማ» አላት።